ክራክ ያለበት ሒሳብ

ሁለት ሺህ ዐሥራ ስድስት ዓመተ ምሕረት፣ በጋው ተጋምሶ ነበር። ውኃ ጠፋ ማለት ለሐረር ሰው ወሬ አይሆንም። የዚያን ዓመት ግን ቧንቧችን ስንከፍተው ከማስነጠስ በቀር ሥራ አልነበረውም። ባሌ ሁለት ሺህ ሊትር የሚይዝ ጥቁር ሮቶ ገዝቶ አመጣ። በሰፈራችን ጠባብ መንገድ ሲያልፍ ግራና ቀኙን ግድግዳ እየታከከ ነው የገባው። ከፊቱ የመጣች አንዲት አህያ ወደ ኋላዋ ሄዳ አሳለፈችው። ባሌ ሮቶውን ግቢ ውስጥ አስቀመጠና ትእዛዙን ለእናቱ ትቶ ለንግድ ጅጅጋ ሄደ።

አማቴ የሮቶውን ቦታ ለመወሰን ጊዜ አልፈጀባቸውም።

“ጣሪያ ላይ ይውጣ” አሉ። “የጎረቤቶቻችን ሮቶ ጣሪያ ላይ ነው። ውኃው ራሱ ይወርድላቸዋል።”

የሚያወጡት ሰዎች ሰኞ ጠዋት እንዲመጡ ተቀጠሩ። አማቴ የሚተኙት እዚያው ጣሪያ ሥር፣ ከፍ ካለው መደብ ላይ ነው። ቀኑንም የሚውሉት እዚያ ነው። ቤታችን አሮጌ የጀጎል ቤት ነው፤ ግድግዳው ድንጋይ፣ ጣሪያው የተላጠ የጥድ ግንድ ጎን ለጎን ተደርድሮ በላዩ ጭቃ የተመረገበት።

ልጄ ያኔ የሲቪል ምሕንድስና አራተኛ ዓመት ተማሪ ነበረች። ዩኒቨርሲቲዋ ከከተማ ወጣ ያለ ስለሆነ እዚያው ታድራለች። በየሁለት ሳምንቱ የቆሸሸ ልብሷን ይዛ ትመጣለች፤ ውኃ እንደሌለን እያወቀች። ስለ ሮቶው በስልክ ነገርኳት።

“ሳይሰላ እንዳይወጣ” አለች።

“ምኑ?”

“ጣሪያው። ሁለት ሺህ ኪሎ ነው እኮ፣ እማ።”

እኔ ጊደር መጋላ ገበያ ቅመም እሸጣለሁ። ሁለት ሺህ ኪሎ ሲሉኝ ሃያ ኩንታል በርበሬ ነው የሚታየኝ። ሃያ ኩንታል በርበሬ በአማቴ ራስ ላይ ተቆልሎ ታየኝ። ለቅጽበት ያህል ብዙም አልከፋኝም። አስተግፊሩላህ።

የግንዶቹን ብዛት፣ ውፍረትና ርዝመት ለክቼ እንድነግራት ጠየቀችኝ። መሰላል ላይ ወጥቼ ውፍረቱን በሜትር ለካሁ። ብዛቱን ቆጠርኩ። ወደ ርዝመቱ ስዞር አማቴ ከመደባቸው ሆነው ከለከሉኝ።

“ለሱ አትድከሚ። ዘጠኝ ነው። የባሌ አባት ጣሪያውን ሲያሳድሱ ሙሽራ ነበርኩ፤ በዐይኔ አይቻለሁ።”

እኔም ለልጄ ዘጠኝ ብዬ ነገርኳት። በዚህ ቤት አማቴ ያሉትን ሳልጨምር ሳልቀንስ ሳስተላልፍ ኖሬአለሁ።

ቅዳሜ ልጄ መጣች። ኮምፒውተር አላት፤ የሒሳብ ሶፍትዌር ግን የላትም። በትምህርት ቤቱ ኮምፒውተር ላይ ያለው ተራ አይደርስም አለች። ስለዚህ ከዙህር ሶላት በፊት ፈረስ መጋላ አደባባይ ወጣን። ታክሲዎች ከሚቆሙበት አጠገብ ያለች አንዲት ጠባብ ሱቅ በሯ ላይ “ለተማሪዎችና ለኢንጂነሮች የሒሳብ ሶፍትዌር እንጭናለን። ፊልምም አለ” የሚል ወረቀት ለጥፋለች። ባለሱቁ ጎልማሳ ነው። አንድ ጉንጩ አብጧል። የጥርስ ሕመም አልነበረም።

“ማዘር፣ ለምን ነበር?” አለኝ።

“ለጣሪያ።”

“ቆርቆሮ ማዶ ነው።”

ልጄ አፍራ ወደ ፊት ቀረበች። “ለሒሳብ ነው። የምሕንድስና።”

“እህ! እንደሱ በሉኛ።” ሰውየው ነቃ አለ። “ሦስት አለ፣ እህቴ። ይኼ ትልቁ ነው፤ ዓለም በሙሉ የሚሠራበት። ይኼ በስልክ የሚሠራው ነው፤ ጥያቄውን ፎቶ ታነሺዋለሽ፣ መልሱን ይሰጥሻል። ሦስተኛው ነጻ ነው። እሱን ለማንም አልመክርም፤ ያሳፍራል።”

“ምኑ ነው የሚያሳፍረው?” አልኩት።

“ነጻ ነዋ፣ ማዘር!”

“ትልቁስ?”

“ትልቁንማ ፉሉን ነው የምጭንላት።”

ፉል ለቁርስ እንጂ ለጣሪያ እንደሚሆን አላውቅም ነበር። ልጄ ግን ዐይኗ በራ። ሦስቱንም አስጫነች፤ ሦስተኛውን ባለሱቁ እያጉረመረመ ነው የጫነው። የጠየቀውን ከፍዬ ወጣን።

ከዙህር በኋላ ልጄ ኮምፒውተሯን ይዛ ተቀመጠች። እኔ ማድ ቤት ገብቼ በርበሬ እለቅም ጀመር። እቤት የምንነጋገረው በራሳችን ቋንቋ ነው። ልጄ ከትምህርት ቤት ጓደኞቿ ጋር ሲሆን ግን በአማርኛ፣ ግማሹን ደግሞ በፈረንጅ አፍ ነው የምታወራው። ጥቂት ቆይታ ግቢ ወጣችና ለአንዷ ጓደኛዋ ደወለች። እኔ ከማድ ቤቱ በር ጀርባ ነበርኩ። ላዳምጥ ብዬ አልነበረም። ከጀመርኩ በኋላ ግን አላቋረጥኩም።

“ክራኩማ አሪፍ ነው! ወዲያው ነው የተከፈተው” አለች።

በሐረር ግንበኞች የግድግዳን ስንጥቅ ክራክ ነው የሚሉት። እጄ በርበሬው ላይ ቆመ።

“አይ፣ ሙሉ በሙሉ ነው የተከፈተው። ምንም የቀረ የለም።”

ያ ረቢ።

“ለእማ አልነገርኳትም። ከሰማች አለቀልኝ።” ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። “ውጤቱ ግን ያስፈራል። ባዶውን ራሱ መቆም የለበትም ነው የሚለው።”

በጓሮ በኩል ዞሬ ወደ ቤት ገባሁ። አማቴ መደባቸው ላይ ተቀምጠው ቴሌቪዥን ያያሉ፣ መቁጠሪያም ይቆጥራሉ።

“እናቴ፣ ይነሡ።”

“የዐስር ሶላት ደረሰ?”

“ግድግዳው ተከፍቷል።”

“ማን ከፈተው?”

“ክራክ።”

“ክራክ የማን ልጅ ነው?”

ለማስረዳት ጊዜ አልነበረም። ክንዳቸውን ይዤ አስነሣኋቸው። በግራ እጃቸው መቁጠሪያቸውን፣ በቀኛቸው የቴሌቪዥኑን ሪሞት ይዘው ወጡ። ግቢ ውስጥ ያለው ጥላ የሮቶው ብቻ ስለነበረ እሱ ሥር አስቀመጥኳቸው። ተመልሼ ገብቼ ቁርኣኑን፣ የቤቱን ካርታና የአማቴን የደም ግፊት መድኃኒት አወጣሁ። ልጄ ስልኳን ዘግታ ስትዞር አያቷን መሬት ላይ፣ እኔን ፍራሽ ተሸክሜ አገኘችን።

“እማ! ምን ሆናችሁ?”

“ክራኩ የት ነው?”

ፊቷ ተለወጠ። ወደ ኮምፒውተሩ ዞር ብላ አየች። “ማን ነገረሽ?”

“ሰምቻለሁ። የትኛው ግድግዳ ነው?”

“የምን ግድግዳ?”

ከዚያ በኋላ የሆነውን ሳስታውስ ዛሬም እስቃለሁ፤ ያኔ ግን አልሳቅሁም። ልጄ እየተንተባተበች አስረዳችኝ። ትልቁ ሶፍትዌር ባለቤቶች አሉት። ሳይከፈላቸው እንዳይከፈት ይቆልፉታል። ያንን ቁልፍ ሰብሮ የሚከፍተው ነው ክራክ የሚባለው።

“የተሰረቀ ነው በይኛ” አልኳት።

“የተሰረቀ አይባልም፣ እማ። ክራክ ነው የሚባለው።”

“ሌባውም ሲጠየቅ እንደዚያ ነው የሚለው።”

“ክፍላችን በሙሉ እኮ በሱ ነው የሚሠራው! አስተማሪዎቹም ጭምር!”

“እንግዲያው ብዙ ናችሁ።”

አማቴ ከጥላው ሥር ሆነው ጣልቃ ገቡ። “ግድግዳው ደህና ነው ወይስ አይደለም?”

“ደህና ነው፣ እማማ።”

“ታዲያ እኔ አፈር ላይ ምን አደርጋለሁ?”

ልጄ አያቷ አጠገብ ተቀመጠችና ማልቀስ ጀመረች። ከዚያ ነው የነገሩ መሠረት የወጣው። ሮቶውን አስቀድማ አልነበረም ያሰላችው። መጀመሪያ ጣሪያውን ባዶውን ብታሰላ ራሱን መሸከም አይችልም አላት። ሦስት ጊዜ ደገመችው። ሦስቴም አይችልም።

“ከተሠራበት ቀን ጀምሮ መውደቅ ነበረበት” አለች። “ሮቶው ይቅርና እናንተም እዚያ ውስጥ መግባት የለባችሁም።”

አማቴ ቀና ብለው ጣሪያውን አዩት። ከዚያ እኛን አዩን።

“እንግዲያው ሞተናል። ኢንና ሊላሂ” አሉ። “ለቅሶ የመጣ ሰው ግን አላየሁም።”

እኔ አልቀለድኩም። ልጄ ደንግጣ ነበር፤ ሰኞ ደግሞ ሩቅ አልነበረም። ያን ሌሊት ሦስታችንም ማድ ቤት አደርን። አማቴ ቴሌቪዥኑም ይምጣልኝ ብለው መጣላቸው። በተሰረቀ ሒሳብ ከመደባቸው የተነቀሉ የመጀመሪያዋ አሮጊት እሳቸው ሳይሆኑ አይቀሩም።

እሑድ ከቁርስ በኋላ ልጄን “መጀመሪያ ሌባውን ከቤቴ አስወጪ” አልኳት።

“በምን ላሰላ ታዲያ?”

“በነጻው።”

“እማ፣ በነጻው ማንም አይሠራም። ይስቁብኛል።”

“አላህ ከሚሰጠን የትኛውን ከፍለንበት እናውቃለን? ዝናቡ በነጻ ነው። ስናገኘው አፍረን አናውቅም።”

“የትኛው ትክክል እንደሆነ በምን አውቃለሁ?” አለች። እውነቷን ነበር። ባለሱቁ ሦስቱንም በአፉ ነው የመዘነልን።

እኛ ጊደር መጋላ አዲስ ሚዛን ሲመጣ የሻጩን ቃል የሚሰማ የለም። ክብደቱን አስቀድመን የምናውቀውን ነገር እናስቀምጥበታለን። ያልተከፈተ የስኳር ከረጢት ይሆናል፣ የታወቀ የብረት ድንጋይ ይሆናል። ሚዛኑ እኛ የምናውቀውን ከተናገረ የማናውቀውን እንጠይቀዋለን። ካልተናገረ ከነሳጥኑ ይመለሳል።

“መልሱን የምታውቂውን ነገር ጠይቂያቸው” አልኳት።

ግቢ ውስጥ ሁለት ሳጥን አራርቀን አስቀመጥን። በላያቸው ረጅም ጣውላ አጋደምን። መሐሉ ላይ ሃምሳ ኪሎ በርበሬ ጫንበት። ጣውላው ጎበጠ። ልጄ በሜትር ለካችው፤ ሁለት ጣት ያህል ወርዷል። አማቴ ወንበር አስወጥተው ተቀመጡ።

“ትልቁም እዚሁ ይቆይ” አለች ልጄ። “ካየሁት በኋላ አጠፋዋለሁ።”

ሌባ ከመባረሩ በፊት ይጠየቃል ብዬ ፈቀድኩ። አላህ ይቅር ይበለኝ።

የስልኩ ቀደመ። ሒሳቡን በወረቀት ጽፋ ፎቶ አነሣችው። የእሷን አምስት ስድስት ብሎ አነበበ፤ አንዱን የመደመር ምልክት ደግሞ እንዳለ ዋጠው። ጣውላው ወደ ላይ ይጎብጣል አለ።

“ወደ ላይ!” አሉ አማቴ። “በርበሬው ሊበር ነው!”

ቀጥሎ ትልቁ። ቁጥር በቁጥር ላይ ደረደረችለት። መልሱ ልክ ነበር። ልጄ የድል አድራጊ ፊት አሳየችኝ። ሌባ ሒሳብ አይችልም ያለ የለም።

በመጨረሻ ነጻው። ይኼኛው ደብተር ይመስላል። የምትጽፈው ልክ በእጅ እንደሚጻፈው ነው የሚቀመጠው። ከየቁጥሩ ጎን ሜትር ወይም ኪሎ መሆኑን ካልጻፈችለት በቀይ ያሰምርባታል፣ አይቀበልም።

“ነዝናዛ ነው” አለች።

“ደህና አማት ይመስላል” አልኩ። አማቴ ሰምተዋል፤ ወደ በርበሬው ዞሩ።

የነጻውም መልስ ልክ ሆነ። እንግዲህ ትልቁና ነጻው እኩል ያውቃሉ ማለት ነው። ልጄ አንገቷን ደፋች፤ ሁለቱም ልክ ከሆኑ ጣሪያውን በነጻው ብታሰላውም ያው ነው የሚወጣው። ቢሆንም ጀመረች። እኔ ከትከሻዋ ጀርባ ቆሜ አነብ ነበር። ትልቁ ላይ ምንም አይገባኝም ነበር፤ እዚህ ግን የጻፈችውን ሁሉ አየዋለሁ። ውፍረት፣ እኔ የለካሁት፣ በሳንቲ ሜትር። ብዛት፣ እኔ የቆጠርኩት። ርዝመት፣ ዘጠኝ ሜትር።

ሜትር። ትልቁ ላይ ቁጥር ሁሉ ያለ መለኪያ፣ ራቁቱን ነበር የቆመው።

“ክፍላችን ዘጠኝ ሜትር ነው?” አልኳት።

“አንቺ ነሽ ዘጠኝ ያልሽኝ።”

“እኔ ዘጠኝ ነው ያልኩሽ።” ወደ አማቴ ዞርኩ። “እናቴ፣ ዘጠኝ ምን?”

“ምን ማለት ነው?”

“ጣሪያው ነዋ። ዘጠኝ ምን?”

“ዘጠኝ ክንድ ነው እንጂ ሌላ ምን ይሆናል?” አሉ አማቴ፤ የተሰደቡ ያህል ተቆጡ። “የባሌ አባት ሜትር የሚባል ነገር መቼ ያውቃሉ? በገዛ ክንዳቸው ነው የለኩት!”

ልጄ በግራ እጇ አፏን ያዘች። ከዚያ ሜትሩን ነጥቃኝ ወደ ቤት ሮጠች። ከግድግዳ እስከ ግድግዳ አራት ሜትር ከትንሽ ነው። እዚያ ክፍል ውስጥ ዳዴ ብላ አድጋ፣ ዘጠኝ ሜትር ነው ብላ ተቀበለች። መሐንዲስ ወረቀት ሲይዝ ዐይኑን ኪሱ ውስጥ ይከታል መሰለኝ። እኔም ብሆን በቀን ሃምሳ ጊዜ እየለካሁ የምሸጥ ሴት፣ ዘጠኝ ምን ብዬ ሳልጠይቅ አሳልፌአለሁ። ሦስታችንም ነን ጣሪያውን የጣልነው።

ቁጥሩን አስተካከለች። ባዶው ጣሪያ ደህና ነው፣ በደንብ ይቆማል። አልሐምዱሊላህ አልን። አማቴ “ከሞት ተነሣን” ብለው ቴሌቪዥናቸው ወደ ቦታው እንዲመለስ አዘዙ። እኔ ትልቁ እስኪጠፋ ድረስ ልጄ አጠገብ ቆምኩ። ሲጠፋ እርግጠኛ ነህ ወይ ብሎ ጠየቃት። የጠየቃት ነገር እሱ ብቻ ነበር።

ከዚያ ሮቶውን ጨመረችበት። ፊቷ እንደገና ከበደ። አሁን ግን አላለቀሰችም። ግንዱ ስንት ዓመት እንደቆየ፣ ውስጡ ምን እንደሚመስል አይታወቅም፤ ስለዚህ ደካማ ነው ብላ ነው ያሰበችው። ደጋግማ አየችው። ገጹን ለእኔ አሳየችኝ፣ እያንዳንዱን መስመር በጣቷ እየነካች።

“አይችልም” አለች። “ባዶውን ይችላል። ሰው ቢወጣበት ይችላል። የሞላ ሮቶ ግን አይችልም።”

አማቴ ከመደባቸው ሰሙ። “ትናንት ሞታችኋል አልሽን” አሉ። “ዛሬ ተነሥታችኋል አልሽን። ሮቶው ሲሆን ደግሞ አይችልም። የትኛውን እንመን?”

“የዛሬውን፣ እማማ። የትናንቱ ቁጥሩ ስሕተት ነበር።”

“ነገስ የዛሬው ስሕተት ነበር ብትይን? የጎረቤት ለምን አልወደቀም?”

“የነሱ ጣሪያ ኮንክሪት ነው።”

“ልጄ ጣሪያ ላይ ብሎ ነው የሄደው። የባሌ አባት ያሳደሱት ጣሪያ ነው።”

“እማማ፣ ከሥሩ የሚተኙት እርስዎ ነዎት።”

“የምተኛው እኔ ከሆንኩ እኔ ነኝ የማውቀው!”

ልጄ ወደ እኔ አየች። አማቴም ወደ እኔ አዩ። ባሌ ጋ ደወልኩ። “እናቴ እንዳለች አድርጉ” አለና ዘጋ። ልጄ ኮምፒውተሯን ከደነች። ትናንት የተሳሳተችው ስሕተት አንገቷ ላይ ተንጠልጥሏል፤ እኔም ልክ መሆኗን በሒሳብ አላውቅም። የማውቀው አንድ ነገር ነው፦ ዛሬ የጻፈችውን ሁሉ አንብቤዋለሁ፣ እያንዳንዱ ቁጥር ምን እንደሆነ ተጽፏል፣ ከእኛ የተደበቀ አልነበረውም። የዐስር ሶላት ደርሶ ነበር። በቀረችን ጥቂት ውኃ ውዱእ አድርጌ ሰገድኩ። ስለ ሮቶው ያን ቀን አንድ ቃል አልተናገርኩም።

በማግስቱ ሱብሒን ሰግጄ በሩን ከፍቼ ጠበቅሁ። አራት ሰዎች ገመድና ወፍራም ጣውላ ይዘው መጡ። አማቴ ደጃፉ ላይ ቆመዋል። ልጄ ዩኒቨርሲቲዋ ልትመለስ ቦርሳዋን ይዛ ከኋላቸው ናት።

“ከየት በኩል ነው የምናወጣው?” አለ አለቃቸው።

“አይወጣም። እዚሁ ጥግ ላይ ድንጋይ ደልድላችሁ አስቀምጡልኝ።”

“ጣሪያ ነው የተባልነው፣ እናቴ።”

“የቤቱ መሐንዲስ አልፈቀደችም።”

ሰውየው ባርኔጣውን ከፍ አድርጎ ዙሪያውን አየ። “የት ናቸው እሳቸው?”

በአገጬ አሳየሁት። ልጄ ቦርሳዋን መሬት አስቀመጠች። አማቴ መቁጠሪያቸውን አንድ ዙር እስኪጨርሱ ጠበቅሁ። ሲጨርሱ ይጮኹብኛል ብዬ ነበር። “ፀሐይ እንዳይመታው ወደ ግድግዳው አስጠጉት” ብለው ገቡ።

ሰዎቹ ድንጋዩን ሲደለድሉ ልጄ አጠገባቸው ቁጢጥ ብላ አንዱን አንሡ፣ አንዱን መልሱ ስትል ተውኳት። ውኃው ከላይ ስለማይወርድላቸው እኔ ለአማቴ ውዱእ የሚሆን፣ ለእጃቸው የማይከብድ ጆግ ልገዛ ወደ ጊደር መጋላ ወረድኩ።